85 ዓመት የሸፈተ ሕዝብ እንዴት የስፔን ስም ይዞ ቀረ? ስለ ቦሆልና ስለ ከተሞቿ

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። ዱባይ በሰው ቤት ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት የቦሆል ደሴት ልጅ ናት፤ ባቱዋን ከምትባል ከተማ። ከስፔን ጋር 85 ዓመት እንደተዋጉ ሁልጊዜ ትነግረኛለች። ግን የአባቷ ስም የስፔን ነው። ካቶሊክ ናት፤ መቁጠሪያዋን ሳትይዝ አትተኛም። እንዲህ የተዋጋ ሕዝብ እንዴት የጠላቱን ስምና ሃይማኖት ይዞ ይቀራል? አጋንናብኝ ይሆን? በመጪው ሜይ ፈቃድ ስንወጣ ደግሞ አገሬን ላሳይሽ ብላኛለች። የትኞቹን ከተሞች ልይ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ምንም አላጋነነችም። 85 ዓመቱ እውነት ነው። የስፔን ስሟም፣ መቁጠሪያዋም እውነት ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ ሰው ላይ እንደተገናኙ ማወቅ ከፈለግሽ የቦሆልን ካርታ አውጪና ከተሞቹ የት የት እንደተቀመጡ እዪ። ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። ባቱዋን የሚለውን ስም ሳነብ ደግሞ ልቤ ዘለለ። ለምን እንደሆነ ቆየት ብዬ እነግርሻለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

መጀመሪያ ቦታውን ልንገርሽ። ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ቦሆል ከመሃሎቹ፣ ቪሳያ ከሚባሉት ደሴቶች አንዷ ናት። በስተ ምዕራብ ጎረቤቷ ሴቡ ናት። በስተ ደቡብ ባሕሩን ስትሻገሪ ሚንዳናውን ታገኛለሽ። ስፋቷ ወደ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በ2020 ቆጠራ ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰው ይኖርባት ነበር። ዋና ከተማዋ ታግቢላራን ትባላለች። ከእሷ ሌላ 47 ከተሞች አሏት። «ከተማ» ስልሽ ግን እንደ ወረዳ አድርገሽ አስቢው። መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያና ማዘጋጃ ቤት አለ፤ ዙሪያው ገጠር ነው። ከከተማው በታች ያለው ክፍል ባራንጋይ ይባላል። የእኛ ቀበሌ በይው። በቦሆል 1,109 ባራንጋይ አለ።

ይህ «ባራንጋይ» የሚለው ቃል ራሱ ደስ ይላል። ባላንጋይ ከሚባል የእንጨት ጀልባ የመጣ ነው። ከስፔን በፊት ሕዝቡ ዳቱ በሚባሉ አለቆች ሥር፣ በባሕር ዳርና በወንዝ አፍ፣ ዘመድ ከዘመዱ ጋር ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው አንድ ሰፈር እንደማለት ነው። ሁሉን የሚገዛ አንድ ንጉሥ አልነበረም።

አሁን ወደ ካርታው ተመለሺ። ከታግቢላራን ተነሺና በባሕሩ ዳር ወደ ምሥራቅ ሂጂ። ባክላዮን፣ አልቡርኬርኬ፣ ሎዋይ፣ ዲሚያው፣ ሃግና፣ ዱዌሮ፣ ጊንዱልማን። ወደ ሌላው አቅጣጫ ደግሞ ማሪቦሆክ፣ ሎኦን፣ ቱቢጎን፣ ኢናባንጋ፣ ታሊቦን። ልክ እንደ ጓደኛሽ መቁጠሪያ፣ ከተሞቹ በደሴቲቱ ዙሪያ ተሰክተው ታያለሽ። አሮጌዎቹ፣ ከባሕር ከሚወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩት ትልልቅ ቤተ ክርስቲያናትም ያሉት እዚሁ ዳር ላይ ነው። መሃሉ ሌላ ነው። ባቱዋን፣ ቢላር፣ ካርመን፣ ዳናው፣ ዳጎሆይ። እነዚህ ወጣት ከተሞች ናቸው። ዳሩ ከደወሉ ሥር የገባው ሕዝብ ነው። መሃሉ ደግሞ አልገባም ያለው።

«ከደወሉ ሥር» የሚለውን እኔ አልፈጠርኩትም። ያኔ ስፔኖች ራሳቸው የሚሉት ነበር። ቄሶቹ ተበታትኖ የሚኖረውን ሰው ሰብስበው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሰፍሩታል። የደወሉ ድምፅ እስከሚሰማበት ድረስ ያለው ሰው ተገዢ ነው። ይጠመቃል፣ ይቆጠራል፣ ይገብራል፣ ለጉልበት ሥራ ይወጣል። ደወሉ ወደማይሰማበት የሸሸውን ግን «ተራራ ገባ» ይሉታል። በቦሆል ታሪክ ውስጥ ይህን ልዩነት ከያዝሽ ሌላው ሁሉ ይገባሻል።

ስፔኖች እንዴት ገቡ? ነገሩ የተጀመረው በፍቅር ነው ቢባል ይቀላል። በ1521 ማጄላን ከሴቡ አጠገብ ማክታን በምትባል ደሴት ተገደለ። የተረፉት ሰዎቹ ሦስት መርከብ የሚነዳ የሰው ኃይል ስላልነበራቸው አንዷን መርከብ ቦሆል አጠገብ አቃጥለው ሄዱ። ከዚያ በ1563 ገደማ ከተርናቴ ደሴት የመጡ ሰዎች ከፖርቱጋሎች ጋር ሆነው ቦሆልንና አጠገቧ ያለችውን ፓንግላውን ወረሩ። ብዙ ሰው ሞተ። ብዙ ሰውም አገሩን ጥሎ ወደ ሚንዳናው ተሻገረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚጌል ሎፔዝ ዴ ለጋስፒ የሚባል ስፔናዊ መርከቦቹን ይዞ ሲደርስ ነጭ ሰው ያየ ሁሉ መሸሹ አይገርምም። ለቦሆል ሰው ስፔንና ፖርቱጋል አንድ ነበሩ። ለጋስፒ «እኛ እነሱ አይደለንም» ብሎ ለማስረዳት ተቸገረ።

በመጨረሻ ሲካቱና ከሚባል ዳቱ ጋር ተስማሙ። ማርች 16 ቀን 1565 ሁለቱም ገላቸውን በቢላ ወጋ አድርገው ደማቸውን ከወይን ጋር ቀላቅለው ጠጡ። ይህ ሳንዱጎ ይባላል። «አንድ ደም» ማለት ነው። ጓደኛሽ ሳትነግርሽ አትቀርም፤ የቦሆል ልጆች ሁሉ የሚኮሩበት ታሪክ ነው። ታግቢላራን ውስጥ ቦኦል በሚባለው ሰፈር ናፖሊዮን አቡዌቫ የሚባለው የአገሩ ታላቅ ቀራጺ የሠራው ሐውልት አለ። የሎዋይ ሰዎች ግን «የለም፣ የተደረገው እኛ ዘንድ ነው» ይላሉ። ክርክሩ እስካሁን አልሞተም። እዚያ ስትሄጂ ከየትኛው ወገን ሰው ጋር እንደሆንሽ አይተሽ ተናገሪ!

እኔ ስለ ሳንዱጎ የማስበውን ልንገርሽ። ለሲካቱና ይህ የወንድማማች ውል ነው። በቪሳያ ባህል ደም የተጋራ ሰው እኩያህ ነው፤ አንተ ስትቸገር ይደርሳል፣ እሱ ሲቸገር ትደርሳለህ። ስፔኖች ግን እንደ መግቢያ በር ቆጠሩት። ከዚያ በኋላ የመጣው ግብርና የጉልበት ሥራ በዚያ ጽዋ ውስጥ አልነበረም።

በ1596 ሁዋን ዴ ቶሬስና ጋብሪዬል ሳንቼዝ የሚባሉ ሁለት ጀስዊቶች (ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ቄሶች) ባክላዮን ላይ አረፉ። የደወሉ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። እነዚህ እኛም የምናውቃቸው ጀስዊቶች ናቸው። የዚሁ ማኅበር ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ወደ እኛ አገር የገባው ከዚህ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1603 ነው። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በአደባባይ ባወጁበት በ1622፣ ቦሆል ውስጥም በዚሁ ማኅበር ቄሶች ላይ የተነሳው አመፅ በጦር ይደፈን ነበር። እኛ ዘንድ አፄ ፋሲል ከአሥር ዓመት በኋላ አስወጧቸው። ቦሆል ላይ ግን ጦሩ ከቄሱ ኋላ ቆሞ ነበርና ሊወጡ አልቻሉም። ከፊሊፒንስ የወጡት በ1768 ነው። ያባረራቸውም የራሳቸው የስፔን ንጉሥ ነው። ቦታቸውን ረኮሌት የሚባሉ የአውግስጢኖስ ማኅበር ቄሶች ወሰዱ።

ያ የ1622 ጦርነት የታምብሎት አመፅ ይባላል። ታምብሎት ባባይላን ነበር፤ ከመናፍስት ጋር የሚያገናኝ የጥንቱ እምነት ካህን። በ1621 ቄሶቹ ለበዓል ወደ ሴቡ በሄዱበት ሰዓት ሕዝቡን ሰበሰበ። «ወደ አባቶቻችሁ አማልክት ተመለሱ፤ ግብርና የቤተ ክርስቲያን ክፍያ ይቀርላችኋል» አላቸው። ከስድስቱ የጀስዊት መንደሮች አራቱ ተነሱ። ባክላዮንና ሎቦክ ብቻ አልተነሱም። በ1622 መጀመሪያ ላይ ከሴቡ 50 ስፔናዊና ከ1,000 በላይ የአካባቢው ተዋጊ መጥቶ አመፁን በደም አጠፋው። ልብ በይ፣ ስፔኖቹ 50 ብቻ ናቸው። ቦሆልን የወጋው በአብዛኛው የጎረቤት ደሴት ሰው ነው። ቅኝ ገዢ ሁሌም እንዲህ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ 85 ዓመቱ። ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ፤ የጥያቄሽ መልስ እዚህ ውስጥ ነው።

በ1744 ኢናባንጋ ላይ ነው። ፍራንሲስኮ ዳጎሆይ የሚባል የባራንጋይ አለቃ ነበር። ወንድሙ ሳጋሪኖ የመንደር ፖሊስ ነገር ነው። የኢናባንጋው ቄስ ጋስፓር ሞራሌስ ይህን ፖሊስ፣ ሃይማኖቱን ትቶ የጠፋ አንድ ሌላ ሰው ይዞ እንዲያመጣ ላከው። ሳጋሪኖ ሰውየውን አገኘው። ሰውየው ግን እጄን አልሰጥም አለ። ተዋጉ፣ ሳጋሪኖ ሞተ። ሬሳው ወደ ከተማው መጣ። ቄሱ «በጠብ የሞተ ሰው ነው፣ አልቀብርም» አለ። ራሱ ልኮት የሞተውን ሰው! ሬሳው ሦስት ቀን ያለ ቀብር ቆይቶ ሸተተ። በመጨረሻ ዳጎሆይ ወንድሙን ያለ ጸሎት ራሱ ቀበረው።

እኛ ፍትሐት የተከለከለ ሬሳ ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ዳጎሆይ ያን ቀን ማለ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይዞ ዱር ቤቴ አለ። ሞራሌስ ብዙ ሳይቆይ ተገደለ። በጃንዋሪ 1745 ደግሞ የሃግናው ቄስ ጁሴፔ ላምበርቲ ተገደለ። ተከታዩ እስከ 20,000 ደረሰ። መሃለኛው ደጋ ላይ ራሳቸውን የቻሉ መንደሮች መሠረቱ፤ አረሱ፣ ምሽግ ሠሩ፣ ለማንም አልገበሩም። ከወንድም ቀብር የተነሳው ነገር የግብርና የግዳጅ ሥራ ጥያቄን ሁሉ ሰበሰበ። በየዳሩ ከተማ በግብር የተማረረ ሰው ሁሉ ሌሊት ተነስቶ ወደ ተራራው ይሄድ ነበር።

«ዳጎሆይ» ራሱ የትግል ስም ነው ይባላል። ዳጎን ማለት ክታብ ነው፤ ሆዮሆይ ደግሞ ለስላሳ ነፋስ። በነፋስ ክታቡ ከገደል ገደል ይዘላል፣ በጨለማ ያያል ብለው ያምኑ ነበር። ጠመንጃ የማይነካው ሽፍታ ታሪክ በእኛም አገር ስንት ጊዜ ተነግሯል!

አሁን ጥያቄሽን ላንሳ። ይህ ሰው የሸፈተው በክርስትና ላይ ነው? አይደለም። ታምብሎት በ1621 ክርስትናን ተዉ ብሎ ነው የተነሳው። ዳጎሆይ ግን የተነሳው ወንድሙ እንደ ክርስቲያን ይቀበር ብሎ ነው። የከለከሉት ቄሱ ናቸው። በ120 ዓመት ውስጥ ሃይማኖቱ የሕዝቡ ሆኗል፤ ጠቡ ከያዙት ሰዎች ጋር ነው። ስለዚህ የጓደኛሽ መቁጠሪያና የ85 ዓመቱ ጦርነት አይጣሉም። ዳጎሆይን ራሱን ብታገኚው ኖሮ የሚጠይቅሽ አንድ ነገር ይመስለኛል፤ ለወንድሙ አንድ ጸሎት።

ጦርነቱ የአያት፣ የአባት፣ የልጅ ሆነ። ዳጎሆይ ራሱ መጨረሻውን ሳያይ ተራራው ላይ ሞተ። ከ1744 እስከ 1829 ድረስ 20 የሚሆኑ የስፔን ገዥዎች በየተራ መጥተው ሳያሸንፉት ሄዱ። መጨረሻ ላይ ማሪያኖ ሪካፎርት የሚባለው ገዥ በ1827 ከ2,000 በላይ ወታደር ላከ። አልተሳካም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጦር በመድፍ ወጣ። ከአንድ ዓመት በላይ ተዋግተው በኦገስት 1829 አበቃ። እጃቸውን የሰጡት 19,420 ሰዎች ነበሩ። ሪካፎርት አልጨረሳቸውም፤ ምሕረት አደረገላቸውና በአዳዲስ መንደሮች ሰፈሩ።

የትኞቹ መንደሮች? ካቲግቢያን፣ ባሊሊሃን፣ ቢላር፣ የዛሬዋ ሴቪያ። እና ባቱዋን።

አየሽ ለምን ልቤ እንደዘለለ? የጓደኛሽ ከተማ የዚያ ምሕረት ልጅ ናት። ባቱዋን የተሰፈረችው ከተራራው በወረዱት ሰዎች ነው። ቤተሰቧ ከዚያ በኋላ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱን እሷ ታውቃለች። ግን «ተዋግተናል» ስትል ስለ ሩቅ ሰው አይደለም የምታወራው። ስለ ራሷ ከተማ ነው።

ስሟ እንዴት የስፔን ሆነ? ይህኛው አጭር ነው። ከጦርነቱ 20 ዓመት በኋላ፣ በ1849፣ ናርሲሶ ክላቬሪያ የሚባለው ገዥ አዋጅ አወጣ። ያኔ ብዙ ሰው የቤተሰብ ስም አልነበረውም፤ ወይም ወንድምና ወንድም የተለያየ ስም ይዘው ግብር ሰብሳቢው ይደናገር ነበር። ወደ 60,000 ስም የያዘ መዝገብ ታትሞ ለየክፍለ ሀገሩ ተላከ። ቤተሰብ ሁሉ ከዚያ አንድ ስም እንዲይዝ ታዘዘ። አብዛኛው የስፔን ስም ነው፤ የአገሬው ቃልም አለበት። አንዳንድ ቦታ መዝገቡ በገጽ በገጽ ተከፋፍሎ ስለታደለ የአንድ ከተማ ሰው ሁሉ ስሙ በአንድ ፊደል ይጀምራል። ስለዚህ የስፔን ስም መያዝ የስፔን ደም መያዝ ማለት አይደለም። ጓደኛሽ የያዘችው የግብር መዝገብ ስም ነው።

ከተሞቹም እንደ ሰዎቹ ናቸው። አንቴኬራ፣ ሴቪያ፣ ቫሌንሲያ፣ ሄታፌ፣ ኮሬልያ። እነዚህ ሁሉ ስፔን ውስጥ ያሉ ቦታዎች ስም ነው። ኢናባንጋ፣ ሎቦክ፣ ባቱዋን፣ ታሊቦን ደግሞ የአገሬውን ስም እንደያዙ ቀሩ። ሳግባያን አንድ ጊዜ ቦርሃ ተብላ ነበር፤ በኋላ ወደ ስሟ ተመለሰች። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ስፔን ከወጣች በኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት አንድ የመሃል ከተማ ዳጎሆይ ተብሎ መሰየሙ ነው።

የቀረውን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። ቦሆል ከሴቡ ተለይታ ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር የሆነችው በጁላይ 22 ቀን 1854 ነው። አሜሪካኖች በ1900 መጡ። ፔድሮ ሳምሶን የሚባል አርበኛ ተነሳባቸው፤ እነሱም ብዙ ከተማ አቃጠሉ። ጃፓኖች በ1942 ያዟት፣ በ1945 ለቀቁ። ስምንተኛው የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ካርሎስ ፒ. ጋርሲያ የታሊቦን ልጅ ነው። ራሞን ማግሳይሳይ በማርች 1957 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ምክትሉ እሱ ስለነበር ተተካ፤ እስከ 1961 መራ። በራሱ ቋንቋ ግጥም የሚጽፍ ሰው ነበር።

ስለ ቋንቋቸው አንድ ነገር ላስተምርሽ፤ ለጉዞሽ ይጠቅምሻል። ቦሆሎች የሚናገሩት የሴቡ ቋንቋ ነው፤ ግን በብዙ ቃል «የ» የሚለውን ድምፅ «ጀ» ያደርጉታል። የሴቡ ሰው «ማአዮንግ ቡንታግ» ብሎ እንደምን አደርሽ ይላል። የቦሆል ሰው «ማአጆንግ ቡንታግ» ይላል። አንዴ በ«ጀ» በያትና የጓደኛሽን ፊት እዪ።

አሁን ወደ ጉዞው። በጣም ጥሩ ወር ነው የተመረጠልሽ። ሜይ በቦሆል የፊየስታ ወር ነው። ፊየስታ የደብር ንግሥ በይው። ከተማውም፣ ባራንጋዩም የየራሱ ጠባቂ ቅዱስ አለው። በዚያ ወር በየቀኑ አንድ ቦታ ይነግሣል ማለት ይቻላል። ውጭ አገር የሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ ለዚያ ነው የሚመለሱት። ቤቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የማያውቁት ሰው ገብቶ ይበላል። ሴቡ ላይ ስማር አንዴ በሁለት ሰዓት መርከብ ተሻግሬ ሄጄ በአንድ ቀን አምስት ቤት አብልተውኛል። ባዶ ሆድሽን ሂጂ።

ባክላዮንን እንዳታልፊ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1727 ያለቀ ነው። ድንጋዩ ከባሕር የወጣ ኮራል ነው። ጠርበው ደርድረውታል፤ ማያያዣው ኖራና የእንቁላል ነጭ ነው ይባላል። ስንት ሰው ስንት ቀን በግዳጅ እንደተሸከመው እያሰብሽ ግድግዳውን በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው። ከዚያ ድልድዩን ተሻግረሽ ፓንግላው ደሴት ላይ ዳዊስ አለች። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ልክ ከመሠዊያው እግር ሥር፣ የውሃ ጉድጓድ አለ። ሰው ለፈውስ ይወስደዋል። እኛ ጠበል የምንለው ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ለፓንግላው ነጭ አሸዋ ይሮጣል፤ አንቺ በዳዊስ በኩል እለፊ።

ሎቦክ ከወንዝ ዳር ናት። ጀስዊቶቹ የባሕር ወራሪ ሲበረታባቸው ዋና ቦታቸውን ከባክላዮን ወደዚህ ገባ ወዳለው ቦታ ነበር ያዛወሩት። የሎቦክ ልጆች መዘምራን በዓለም የታወቁ ናቸው። ከቻልሽ ሲዘምሩ ስሚ። ስለ ባሕር ወራሪዎቹ ካነሳሁ፣ ማሪቦሆክ ላይ ፑንታ ክሩዝ የሚባል በ1796 የተሠራ የመጠበቂያ ማማ አለ። ከደቡብ የሚመጡ ጀልባዎች ሲታዩ ሰው የሚቀሰቀስበት ነበር።

ስለ ማሪቦሆክና ሎኦን ስጽፍ ግን ሐዘን ይይዘኛል። ኦክቶበር 15 ቀን 2013 ከጠዋቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ቦሆል በ7.2 ሬክተር ተናወጠች። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የሎኦን፣ የማሪቦሆክና የሎቦክ ቤተ ክርስቲያናት ፈረሱ፤ ባክላዮንም ክፉኛ ተጎዳ። ቀኑ የበዓል ዕረፍት ስለነበር ትምህርት ቤቶች ባዶ ነበሩ፤ ያ ስንት ሕፃን አትርፏል። ኢናባንጋ ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ እንደ ግድግዳ ቆመ፤ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቀው ስንጥቅ ነው። በማሪቦሆክና ሎኦን ዳርቻ የባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ ውሃው ወደ ኋላ ሸሸ። በቱቢጎን ፊት ያሉት ትንንሽ ደሴቶች ደግሞ ዝቅ አሉ። ዛሬ ማዕበሉ ሲሞላ ባሕሩ በሰው ሳሎን ውስጥ ይገባል። ሰዎቹ ግን ወለላቸውን ከፍ አድርገው እዚያው ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያናቱን ድንጋዩን እየቆጠሩ፣ የወደቀውን እያነሱ መልሰው ሠርተዋቸዋል። የሎኦኑ በ2021 ተከፈተ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ ኦዴት የተባለው አውሎ ነፋስ ደረሰባቸው።

አልቡርኬርኬ ላይ ጨው ሲሠሩ እዪ። አሲን ቲቡኦክ ይባላል። የኮኮናት ቅርፊት ለወራት በባሕር ውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ደርቆ ይቃጠላል። በአመዱ ላይ የባሕር ውሃ አፍስሰው ያጠሉታል። የወረደውን ጨዋማ ውሃ በሸክላ ማሰሮ ያፈሉታል። ማሰሮው መጨረሻ ላይ ይሰነጠቅና ጨው እንደ ትልቅ እንቁላል ሆኖ ይወጣል። በፊት እንደ አሞሌ ከእህል ጋር ይለዋወጡበት ነበር። የሚሠሩት ቤተሰቦች በጣም ጥቂት ቀርተዋል። ከእነሱ እጅ ግዢ።

ፊደል ካለው አገር የመጣሽ ሰው ነሽና ኤስካያዎችን ልንገርሽ። በዱዌሮ ታይታይ፣ በጊንዱልማን ደግሞ ቢያባስ በሚባሉ ባራንጋዮች ይኖራሉ። የራሳቸው ጽሕፈት አላቸው። እንደ እኛው አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ግን ከ1,000 በላይ ነው። እነሱ ፒናይ የሚባል ጥንታዊ አባት ከሰው አካል ቅርጽ እያየ ፈጠረው ይላሉ። የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ማሪያኖ ዳታሃን በሚባል መሪ ዙሪያ ነው ዛሬ የምናየውን መልክ የያዘው ይላሉ። እኔ ሁለቱም አያጣላኝም። አንድ ሕዝብ የስፔንና የእንግሊዝ ፊደል በተጫነበት ሰዓት «የራሴን እጽፋለሁ» ብሎ መቀመጡ ራሱ ሌላ ዓይነት ሽፍትነት ነው።

ኮረብታዎቹን ጓደኛሽ ራሷ ታሳይሻለች፤ ደጇ ላይ ናቸው። ቸኮሌት ሂልስ ይባላሉ። ከ1,200 በላይ ናቸው። ካርመን፣ ባቱዋንና ሳግባያን ላይ ተሰራጭተው እንደ ተደፋ ስኒ ክብ ክብ ብለው ይታያሉ። ጥንት የባሕር ወለል የነበረ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ እየሸረሸረ ይህን ቅርጽ አወጣው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናሉ፤ ስማቸው ከዚያ ነው። ሜይ ላይ ዝናቡ ካልቀደመሽ በዚያ መልክ ታገኛቸዋለሽ። በ2023 ዩኔስኮ ደሴቲቱን በዓለም ጂኦፓርክነት መዘገባት፤ ከፊሊፒንስ የመጀመሪያዋ ናት።

አንድ ቀን ብቻ ከቀራችሁ ግን ባሕሩንም ኮረብታውንም ተዉትና እንዲህ አድርጉ። በጠዋት ኢናባንጋ ሂዱ። ወንዙን እዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትንሽ ቁሙ። ሳጋሪኖ ሦስት ቀን ሳይቀበር የቆየው በዚያ ከተማ ነው። ከዚያ ወደ ዳናው ውጡ። እዚያ ማግታንግታንግ በሚባለው ቦታ የዳጎሆይ ዋሻ አለ። ከዚያ በካርመን በኩል ወርዳችሁ ማታ ባቱዋን ግቡ፤ ሽማግሌ ካለ አያቶቻቸው ከየት እንደወረዱ ጠይቂልኝ። መንገዱን ጓደኛሽ ትምራሽ።